ጆቫኒ ጁስቲኒያኒ ሎንጎ

ጆቫኒ ጁስቲኒያኒ ሎንጎ እ.ኤ.አ. በ1453 የኦቶማን ቱርኮች ቁስጥንጥንያን ከበው በወጉበት ጊዜ የከተማዋን የየብስ ቅጥር መከላከል የመራ የጀኖቫ ተወላጅ የጦር አዛዥ ነው። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጀኖቫ፣ ከኪዮስና ከሮድስ ያሰባሰባቸውን 700 ያህል ተዋጊዎች ይዞ በጃንዋሪ ወር ቁስጥንጥንያ ገባ። ወርቃማው ቀንድ ከተባለው የባሕር ሰርጥ ወዲያ ማዶ ያሉት የጋላታ ጀኖቫውያን ገለልተኛ ነን ሲሉ፣ እሱ ግን በገዛ ፈቃዱ ነበር የመጣው። ቅጥር በመከላከል ስሙ የታወቀ ስለነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቆስጠንጢኖስ 11ኛ የየብሱን ግንብ አደራ ሰጠው፤ ከተማዋ ከተረፈችም የሌምኖስን ደሴት ሊሸልመው ቃል ገባለት።

ከበባው ኤፕሪል 6 ሲጀመር ጁስቲኒያኒ የመረጠው ከሁሉም የከፋውን ቦታ ነው፤ ግንቡ ወደ ሊኩስ ወንዝ ሸለቆ የሚወርድበትንና የሱልጣን ዳግማዊ ሜህመድ ትልልቅ መድፎች ያነጣጠሩበትን። ከተማዋን ያቆያት፣ በእኔ አስተያየት፣ እዚህ ሌሊት ሌሊት የተሠራው ሥራ ነው። ቀን መድፍ የናደውን ማታ ወንዱም ሴቱም እየወጣ ይጠግነዋል። በፍርስራሹ ላይ ግንድና ጭራሮ ይደረደራል፣ አፈር ይለበጣል፣ በእሳት ቀስት እንዳይነድ ቆዳ ይጎተትበታል፤ ከላይ አፈር የሞላ በርሜል ተሰልፎ ለተኳሹ መከታ ይሆናል። ጠንካራው ድንጋይ ሲመታ ይሰነጠቃል፤ ይህ ለስላሳ አጥር ግን የመድፉን ድንጋይ ውጦ ያስቀረዋል። ሰባት ሺህ የሚሆኑ ተከላካዮች ከነሱ በብዙ እጥፍ የሚበልጥን ጦር ሰባት ሳምንት ያህል የተቋቋሙት በዚህ ነው።

ሜይ 29 ሊነጋ ሲል፣ ሁለት የጥቃት ማዕበል ከተመለሰ በኋላ የሱልጣኑ ምርጥ እግረኞች የሆኑት ጃኒሳሪዎች ወደ ውጊያው ሲገቡ ጁስቲኒያኒ ቆሰለ። ቀስት ነው የሚል አለ፣ ጥይት ነው የሚልም አለ። ተዋጊው እንዳያፈገፍግ ከኋላ ያለው የውስጥ ግንብ በር ተቆልፎ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ እንዳይሄድ ቢለምነውም ቁስለኛው እንዲወጣ በሩ ተከፈተ። ሰዎቹም አዛዣቸው ሲወጣ አይተው ተከተሉት፤ መስመሩ ፈረሰ፣ ከተማዋም በዚያው ቀን ወደቀች።

በከበባው ውስጥ የነበረው የቬኒሱ ሐኪም ኒኮሎ ባርባሮ ቁስሉን ሳያነሳ ቦታውን ጥሎ ሸሸ ብሎ ጽፎበታል። ቬኒስና ጀኖቫ የከረረ ባላንጣ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። ደግሞም ቁስሉ ቀላል አልነበረም፤ በመርከብ ይዘውት ከወጡ በኋላ በዚያው ጉዳት ሞተ።