ፍሬሽማን የት ይማሩት? የሕክምና ትምህርት ቤት በርና የጎጃም ልጅ

በእንዲህ ያለ መጽሔት ላይ አብዛኞቻችን የምናነሣው ግቢ ከገባን በኋላ ያለውን ነው፤ ዶርሙን፣ ካፌውን፣ የፈተና ሰሞኑን። እኔ ግን ስለ በሩ ልጻፍ። ሐኪም መሆን የሚፈልግ ልጅ የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ትምህርቱን የት ይወስዳል፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወይስ ዩኒቨርሲቲ? ጥያቄው የመምህራን ጉባኤ አጀንዳ ይመስላል እንጂ ማን ሐኪም እንደሚሆን የሚወስን ነው።

ጥያቄው የዛሬ አይደለም። በንጉሡ ዘመን የበዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ተማሪዎችን እየሰበሰበ በዩኒቨርሲቲው ጥላ ሥር ያስተምር ነበር። ያ ዕድል ግን የጥቂቶች ነበር። የቀረው ተማሪ መንገዱ አንድ ነው፤ ማትሪክ ወስዶ ማለፍ፣ ከዚያም ፍሬሽማን።

እኔ ማትሪክ የወሰድኩት ደብረ ማርቆስ፣ በ1990 ዓ.ም. ነው። ዓባይን ተሻግረን አዲስ አበባ ስንደርስ፣ የትልልቅ ትምህርት ቤቶች ልጆች ማይክሮስኮፕ ነክተው መጥተዋል፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው በጥቁር ሰሌዳ የተሣለውን ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ከባድ ነበር። ውጤቱ ያልመጣለት በጥር ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፤ «የገና ተመራቂ» የሚለው የግቢ ቀልድ የመጣው ከዚሁ ነው። የተረፈው ግን በሁለተኛው ሴሚስተር ከከተማ ልጅ ጋር ይተካከላል። አንድ መምህር፣ አንድ ላቦራቶሪ፣ አንድ ፈተና። ወደ ሕክምና የሚያስገባው የዚያ ዓመት ውጤት ስለነበረ፣ የገጠር ልጅ ሁለተኛ ዕድል ነበረው።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይህንን ለወጠ። በ1993 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተጀመረ፤ በ1994 መሰናዶ ተከፈተ፤ የመጀመሪያዎቹ የመሰናዶ ተማሪዎች በ1996 ዩኒቨርሲቲ ገቡ። የፍሬሽማን ትምህርት ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል ወረደ፤ የአራት ዓመቱ ዲግሪም ሦስት ዓመት ሆነ። ከዚያ በኋላ ሕክምና የሚገባው በመግቢያ ፈተናው ድምር ነበር። ተማሪው አንድም ቀን የዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ሳይቀመጥ የምርጫ ቅጽ ይሞላ ነበር። ተለማማጅ ሐኪሞችን «ሕክምና ለምን መረጣችሁ?» ብዬ ስጠይቅ፣ «ነጥቤ ስለመጣልኝ» ያለኝ ብዙ ነው።

መሰናዶ በጎ ጎን አልነበረውም ማለት አይደለም። ልጁ ለሁለት ዓመት ከቤተሰቡ ሳይርቅ ይማራል። ከገጠር መጥቶ ደብረ ማርቆስ ወይም ሞጣ ቤት ቢከራይ እንኳ፣ እናቱ በገበያ ቀን ስንቁን ታደርስለታለች። የገና ተመራቂ የመሆን ስጋትም ቀለለ። ችግሩ የወረደው የትምህርቱ ይዘት ብቻ መሆኑ ነው፤ ላቦራቶሪው አብሮ አልወረደም። በ1997 ፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ። በመስኮቱ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይሮጣል፤ ጥያቄ አይቀበል፣ አይደግም። መብራት ከጠፋማ ያው ክፍለ ጊዜው አለቀ። የኮሌጅ ትምህርት ነው የተባለውን ልጁ በስም ወሰደው እንጂ በእጁ አልሠራውም።

በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም ከዚህ በተቃራኒ ሄደ፤ በሳይንስ ዲግሪ ያላቸውን ተቀበለ። ከእነሱ ጋር የሠራ ያውቃል፤ ዕድሜያቸውም ልምዳቸውም ወደ ሕክምናው አውቀው እንዲመጡ አድርጓቸዋል።

በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ቀረ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ አሁን ጠቅላላ ባዮሎጂና ፊዚክስ ብቻ ሳይሆን ሎጂክ፣ ሥነ ልቦናና የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊም ይማራል፤ ወደ ሕክምና ለመግባትም የዚያ ዓመት ውጤቱ እንደገና ዋጋ አገኘ። ከዚያ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ ከቀሩትም ለተወሰኑት ሬሜዲያል ተጀመረ። ትናንት የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ሁለተኛ ደረጃ ወረደ፤ ዛሬ የሁለተኛ ደረጃው ዩኒቨርሲቲ ወጣ። በጎጃም ይህ ይበልጥ ይከብዳል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በግጭቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። በሩ ክፍት ቢሆንስ ልጁ በምን ይድረስበት?

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ፍሬሽማን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሁን። ለደጋው ልጅ ከአንድ ሰሞን ፈተና ይልቅ አንድ ዓመት ይሻለዋል። ነገር ግን ገና ቋንቋና ግቢ የሚለምድበት የመጀመሪያው ሴሚስተር ከሁለተኛው እኩል መመዘኑ ትክክል አይመስለኝም። ሕክምና ላይ የሚያስፈልገን የጀመረበት ሳይሆን የደረሰበት ነው። በማስተማር ላይ ያላችሁ ባልደረቦቼ ይህንን በየሴኔቱ ብታነሡት ደስ ይለኛል።

ለቀረነው ደግሞ የሚያንስ ሥራ አለ። ሰላም በሆነበት ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ለደብረ ማርቆስ፣ ለደምበጫ፣ ለቢቸናና ለሞጣ ተማሪዎች ቢከፈትስ? ሳይንስ ፋኩልቲ ያለፍን አልሙናይ በተራ ብንቆምላቸው፣ ልጁ የደም ሕዋስን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ውጤቱ በሚያዝበት ቀን አይሆንም። እኔ ለመጀመሪያው ቅዳሜ ስሜን አስመዝግቤያለሁ።