ያገለገለ ጋን ለአዲስ ጠመቃ

የቢራ ታሪክ በአገራችን ሲጻፍ ዘወትር የሚጀምረው በ1915 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተቋቋመው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ነው። ይሁን እንጂ የወሎ ባልትና ዐዋቂዎች ፋብሪካ ከመምጣቱ አስቀድሞ የመጥመቂያ ዕቃን መመርመር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ጠላ ጠማቂዋ ጋን ስትገዛ አንኳኩታ ድምፁን ታዳምጣለች፤ ውኃ ሞልታ ማንጠብጠብ አለማንጠብጠቡን ትመለከታለች፤ ከዚያም በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥነዋለች። ዛሬ በወልድያ ወይም በመርሳ በጥቂት ገንዘብ ጠመቃ ለመጀመር የሚያስብ ሰው የሚገጥመውም ጥያቄ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ያገለገለ መሣሪያ ልግዛን? ብገዛስ ምኑን ልመርምር?

የፋብሪካዎቻችን ታሪክ በከፊል መልስ ይሰጣል። ጊዮርጊስና ሜታ በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ተወረሱ። በ1976 የሐረር፣ በ1985 ደግሞ የበደሌ ፋብሪካ ሥራ ጀመሩ፤ በሁለቱም የተተከለው የቼኮዝሎቫኪያ መሣሪያ ነበር። ጊዮርጊስ በ1990ዎቹ መግቢያ ለፈረንሳዩ ካስቴል፣ ሐረርና በደሌም በ2003 ለሆላንዱ ሄኒከን በ163 ሚሊዮን ዶላር ተሸጡ። በእነዚህ ሽያጮች ገዢው የተረከበው ያገለገለ ብረት ብቻ አልነበረም፤ መሣሪያውን የሚያውቁትን ሠራተኞች፣ የንግድ ስሙንና ገበያውን ጭምር እንጂ።

የአነስተኛ ጠመቃ ታሪክም ይህንኑ ያጸናል። በካሊፎርኒያ፣ ሶኖማ፣ ጃክ ማክኦሊፍ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1976 ኒው አልቢዮን የተባለውን ቢራ ቤት የከፈተው ከወተት ማቀነባበሪያ በተገኙ ዕቃዎችና የለስላሳ መጠጥ ሽሮፕ በተያዘባቸው በርሜሎች ነበር። ድርጅቱ በ1982 ተዘጋ፤ ምክንያቱም የዕቃው ማርጀት ሳይሆን የምርቱ መጠን ወጪውን ለመሸፈን አለመብቃቱ ነው። በማግሥቱ ዓመት የተከፈተው የሜንዶሲኖ ቢራ ቤት ግን ዕቃውን ከጠማቂዎቹ ጋር ተረክቦ ሠራበት። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ዕውቀቱ አብሮት ካልመጣ ዋጋው ግማሽ ነው ማለት ይቻላል።

ለእኛ አካባቢ ሲሆን ሒሳቡ ይለያል። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ዝቅ ባለችው መርሳ ደግሞ በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህም የተነሣ ሆፕ መራራነቱን ለማውጣት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ በቆላ ወደብ በቀን አራት ጊዜ ያፈላ የነበረ ማሞቂያ እኛ ዘንድ ያንኑ ያህል ላይሠራ ይችላል። በ60 ኸርዝ እንዲሠራ የተበጀ የአሜሪካ ፓምፕም በ50 ኸርዝ ኃይላችን ሲሽከረከር ፍጥነቱ ወደ አምስት ስድስተኛ ይወርዳል፤ የመግፋት አቅሙም 70 ከመቶ ገደማ ይሆናል።

ምርመራውም ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ዕቃው ከዚህ ቀደም ምን ይዞ እንደ ነበር መጠየቅ ይገባል፤ ኬሚካል የያዘ በርሜል በምንም እጥበት ለመጠጥ አይሆንም። ቀጥሎም የመዳብ ጋን መገጣጠሚያው በእርሳስ አለመበየዱ፣ የማይዝግ ብረትም በክሎሪን አለመቦርቦሩ ይታያል። የእንፋሎት ማሞቂያ ከሆነ በእሳት ከመሞከሩ በፊት በውኃ ግፊት መፈተን አለበት፤ የታመቀ አየር ሲፈነዳ ሰው ይገድላል፤ ውኃ ግን በቀላሉ ስለማይታመቅ ብረቱ ቢሰነጠቅ እንኳ ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል።

በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ በተካሄደው ጦርነት የአካባቢው ብዙ ድርጅቶች ንብረታቸውን አጥተዋል። እንደ ገና ለመነሣት ያገለገለ መሣሪያ ፍለጋ የሚወጣው ሰው ሁለተኛ ኪሣራ የሚችል ትከሻ የለውም። ስለሆነም የሙያ ባልደረቦቼ ከውሉ ፊርማ በኋላ ሳይሆን አስቀድመው ከገዢው ጎን ቢቆሙ፣ ጋኑንም አንኳኩተው ድምፁን ቢያዳምጡለት፣ ለሙያችን የሚገባ አገልግሎት ይሆናል።