ማርሚታ፦ የጣሊያን ድስት በመንዝ ደጋ

ሞተር ሳይክል የሚነዱ ወጣቶች በተሰበሰቡበት አንድ ክርክር አይጠፋም። ፋብሪካው የገጠመው ማርሚታ ይቆይ ወይስ ወልቆ በ«ክፍት» ይተካ? አንዱ «ጉልበት ይጨምራል» ይላል፤ ሌላው «ጆሮ ከማደንቆር በቀር ምን ይጨምራል?» ይለዋል። ውጭ አገር ደግሞ ባለ አራት ጎማውን የስፖርት ሞተር የሚጋልቡ ሰዎች በዚሁ ጉዳይ ብዙ ብር ያፈሳሉ፣ እንቅልፍም ያጣሉ። ክርክሩን ወደ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ብንወስደው ግን ሌላ መልክ ይይዛል። እዚያ ማርሚታ የራሱ ታሪክ አለው፤ አየሩም ቢሆን የፋብሪካው አየር አይደለም።

ከቃሉ እንጀምር። ማርሚታ የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ የመጀመሪያ ትርጉሙም ትልቅ ድስት ነው፣ ለብዙ ሰው ወጥ የሚሠራበት ዓይነት። የጭስ ማውጫው ሆድ ድስት ስለሚመስል ጣሊያኖቹ ስሙን ለሱ ሰጡት። የእኛ ጋራዥ እንዲህ ባሉ ቃላት የተሞላ ነው። ካንዴላ ማለት ሻማ ነው። ባሌስትራ የጥንት ወታደር ቀስት የሚወነጭፍበት መሣሪያ ነበር፣ ዛሬ ከአይሱዙ ስር ተኝቷል። ኮፋኖ ሣጥን ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ... መዝገበ ቃላት ገልጦ ያጠናቸው መካኒክ የለም፤ ሁሉም ከአለቃ ወደ ረዳት፣ በጆሮና በኩርኩም የተላለፉ ናቸው።

መኪና አገራችን የገባው ግን ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ ሲድሌይ መኪናውን በረሃና ተራራ እያስወጣ አዲስ አበባ ደረሰ። ዳግማዊ ምኒልክም ተሳፈሩበት። የምኒልክ የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ሲቆጠር መንዝ ይደርሳል፤ የሸዋ መሳፍንት ቤት መሥራች የሚባሉት ነጋሲ ክርስቶስ የመንዝ ሰው ነበሩ። እንግዲህ የመንዙ ባላባት ዘር መኪና ሲነዳ መንዝ ራሷ የሞተር ድምፅ ሳትሰማ ገና ብዙ ዓመት ትቆያለች። በቅሎና ፈረስ ነው አገሩ።

ሞተር በብዛት የመጣው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው። ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ከሺህ በላይ ካሚዮንና መኪና አሰልፎ ተነሳ። ይህ ሁሉ ብረት ጣርማበር ላይ ሲደርስ ቆመ። ገደሉን የሚያቋርጠው መንገድ ተንዶ ጠበቃቸው፤ ጠግነው እስኪያልፉ ጊዜ ፈጀባቸው። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። በኋላ እዚያው ጣርማበር ላይ፣ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ተራራውን ከ500 ሜትር በሚበልጥ ዋሻ ቀደዱት። ዛሬም ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ያው ዋሻ አለ። ጭነት መኪና ቀድሟችሁ ከገባ ማርሚታ ምን እንደሚተፋ ያኔ ታውቃላችሁ፤ ጭሱ መውጫ የለውም።

የጣሊያንን ታሪክ ስናወራ «መንገድ ሠርተውልን ሄዱ» የሚል ወሬ ደጋግሞ ይመጣል። መንዝ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይህን ማለት ግን ይከብዳል። መንገዱ የተሠራው ጦር ለማመላለስ ነበር። ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች አርበኞች በመንዝ፣ በመርሐቤቴና በአካባቢው አምስት ዓመት ሲዋጉ፣ ያ መንገድ ስንቅና ጥይት አመላልሶባቸዋል። በሚያዝያ መጀመሪያ 1931 ዓ.ም. ደግሞ በዘረት ዋሻ ውስጥ ከአርበኞች ጋር የተጠለሉ ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ላይ የጣሊያን ጦር የሰናፍጭ ጋዝ ለቀቀ፤ እጃቸውን ከሰጡት መካከልም ብዙ መቶዎችን ረሸነ። እና «ማርሚታ» የሚለው ቃል አገራችን የገባው በዚያው ሠራዊት ጓዝ ውስጥ ሆኖ ነው። ቃሉን እንጣለው ማለቴ አይደለም፤ ጠላት ጥሎት የሄደውን ጠመንጃ ማን ጣለ?

በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ተሸነፈ፤ ካሚዮኖቹ ቀሩ፣ ቃላቱም ቀሩ። አንዳንድ ጣሊያኖችም ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። ረዳቶቻቸው ሾፌርና መካኒክ ሆኑ፤ ከነሱ የተማሩት ደግሞ ሌሎችን አስተማሩ።

ዕቃው ራሱስ? ሚልተንና ማርሻል ሪቭስ የሚባሉ የኢንዲያና አሜሪካውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1897 ለሞተር ድምፅ ማፈኛ ፓተንት አወጡ። ሥራው ግልጽ ነው፤ ከሲሊንደር በግፊት የሚወጣውን ጋዝ በክፍልፋይ ውስጥ እያዞሩ ማብረድ። ጥቂት ቆይቶ ሂራም ፐርሲ ማክሲም የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ሠራ፤ የመኪና ማርሚታም ላይ በዚሁ ሐሳብ ሠርቷል። አባቱ ማለት የማክሲም መትረየስን የፈጠረው ሰውዬ ነው። አባት ያንጫጫውን ልጅ ዝም ሊያሰኝ የተነሳ ይመስላል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከምሥራቅ ጀርመን ነው። ዋልተር ካደን የተባለ መሐንዲስ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤምዜድ ፋብሪካ ውስጥ ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ሲሠራ አንድ ነገር አስተዋለ። ከሞተሩ የሚወጣው የግፊት ሞገድ ቧንቧው ሲሰፋና ሲጠብ ተመልሶ ይመጣል። ቧንቧውን በልክ ከሠሩት፣ ሳይቃጠል ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚንና አየር ያ ሞገድ ገፍቶ ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋል። ሆዱ የተነፋው የባለ ሁለት ምት ማርሚታ ከዚህ ተወለደ። በ1961 የፋብሪካው ጋላቢ ኤርንስት ደግነር ከድቶ ወደ ምዕራብ ሄደ፤ ዕውቀቱንም ለሱዙኪ ይዞ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ሱዙኪ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1985 ሱዙኪ ኳድሬሰር የተባለውን የስፖርት ባለ አራት ጎማ ሲያወጣ ከስሩ የተጠመጠመው ሆዳም ቧንቧ የዚያው የካደን የልጅ ልጅ ነበር። ስለዚህ ባለ ሁለት ምት ሞተር ያለው ሰው ማርሚታውን አስቆርጦ በእኩል ውፍረት ቧንቧ ካስበየደ፣ የሞተሩን ግማሽ ሥራ ነው የጣለው። ድምፁ ይጨምራል፣ ጉልበቱ ይወርዳል።

ዛሬ የምናያቸው አብዛኞቹ ሞተሮች፣ ቦክሰሩም ቲቪኤሱም፣ ባለ አራት ምት ናቸው፤ የነሱ ጉዳይ ለየት ይላል። መንዝም ወደ ጨዋታው የምትገባው እዚህ ላይ ነው።

መሃል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር 30 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ሞተር ደግሞ የሚሠራው በሚተነፍሰው አየር ልክ ነው። ፋብሪካው «12 የፈረስ ጉልበት» ብሎ የጻፈበት ሞተር መሃል ሜዳ ላይ ሲደርስ ስምንት ተኩል ገደማ ይቀረዋል። ጥሩ ተደርጎ የተሠራ ማርሚታ በትንሽ ሞተር ላይ ብቻውን የሚጨምረው ጥቂት በመቶ ነው። ሻጩ የሚነግራችሁ ቁጥር በሙሉ እውነት ቢሆን እንኳ ደጋው የወሰደውን አይመልስም።

ካርቡሬተር ባለው ሞተር ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቤንዚን የምታሳልፈው ትንሿ የነሐስ ቀዳዳ የተመጠነችው ለወፍራም አየር ነው። መንዝ ላይ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ሞተሩ ያፍናል፣ ጥቁር ያጨሳል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። አሁን ክፍት ማርሚታ ግጠሙበት። ክፍቱ ጋዙን በቀላሉ ስለሚያስወጣ ብዙ አየር ይገባል፤ የበዛው ቤንዚን ይመጣጠንና ሞተሩ የታከመ ይመስላል። «አላልኳችሁም!» የሚለው ሰው የሚፈጠረው እዚህ ጋ ነው፤ ደግሞም አልዋሸም፣ መሃል ሜዳ ላይ እውነቱን ነው።

ከዚያ በጣርማበር አድርጎ ሸዋሮቢት ይወርዳል፤ 1,300 ሜትር ገደማ። ወይም ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ሸለቆ። አየሩ ሲወፍር ያ ምጥጥን ይፈርሳል፤ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ቃጠሎው ከመጠን በላይ ይግላል። ቁልቁለቱ ላይ ማርሚታው ይተኩሳል፣ ሰውየውም ደስ ይለዋል፤ ሜዳው ላይ በሙሉ ጋዝ ሲያስኬደው ግን የጭስ ማውጫው ቫልቭ ሊቃጠል፣ ፒስቶኑም ሊጎዳ ይችላል። በአንድ ቀን ውስጥ ይህን ያህል ከፍታ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው «የትኛው ይጮኻል?» ብሎ አይደለም። ማርሚታ ከቀየራችሁ ለቆላው የሚበቃ ቤንዚን የምትሰጥ ቀዳዳ አስገቡ፣ ደጋ ላይ ትንሽ ብታፍንም ቻሉት። ካንዴላውን እየፈታችሁ እዩ፤ ቡና ዓይነት ከሆነ ደህና ነው፣ ከነጣ ግን ቁሙ። ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ የሚመጥኑት አዳዲሶቹ ይህን በተወሰነ ደረጃ ራሳቸው ያስተካክላሉ። የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁ፣ ለመንዝ መንገድ ኦርጅናሌውን ባላስነካው ይሻለኛል፤ የተረፈው ገንዘብ ለኋላ ጥርስ ይዋል። አንድ ሁለት ጥርስ የጨመረ የኋላ ጥርስ ዳገት ላይ ከየትኛውም ቧንቧ ይበልጣል።

ድምፁም ቀላል ነገር አይደለም። ጓሳን ታውቁታላችሁ፤ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ የመንዝ ሕዝብ ለዘመናት ሣሩን በስምምነት እየዘጋና እየከፈተ ያቆየው ሜዳ ነው። ጭላዳው አለ፣ ቀይ ቀበሮው አለ። ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድነው በአብዛኛው ብቻውን፣ ቀስ ብሎ እየተጠጋ፣ ጆሮውን ቀስሮ ነው። ክፍት ማርሚታ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከአንድ ኮረብታ ወዲያ ይሰማል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። የኤሌክትሪክ ሞተር ማርሚታ የለውም፤ አየር ስለማይተነፍስም የመንዝ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም። የሚያስቸግረው ውርጩ ነው። ባትሪ ብርድ አይወድም፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ መሃል ሜዳ ላይ ውኃ ያረጋል።