የጣና ጅረትና የታንኳ ቀዛፊው ዕውቀት

ጣና ከዳር ሲታይ የረጋ ይመስላል። ሆኖም ከፍተኛው ጥልቀቱ 14 ሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ ነፋስ በቀላሉ ማዕበል ያስነሣበታል፤ ዓባይ በሚወጣበት በባሕር ዳር በኩል ደግሞ ውኃው ወደ ወንዙ ይስባል። ይህን ጠባይ በዘመናት ልምድ ያወቁት፣ ከእነርሱም መካከል የነገደ ወይጦ ተወላጆች፣ የደንገል ታንኳ ቀዛፊዎች ናቸው። ከእ.ኤ.አ. 1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበሩት ሜጀር ቺስማን ደሴቶቹን የጎበኙት በእነዚሁ ታንኳዎች ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1996 የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ግን ፍሰቱን የሚመጥኑት መዝጊያዎች ናቸው። መዝጊያው ሲከፈትና ሲዘጋ ቀዛፊውም ዋናተኛውም የሚያውቁት ውኃ ይለወጣል። ስለዚህ የውኃ ባለሙያ የፍሰት መዝገብ ሲይዝ የቀዛፊውንም ምስክርነት ሊያኖርበት ይገባል፤ ይህ ልምድ ከባለቤቱ ጋር ካለፈ በመለኪያ አይመለስም።