አባወራው ማን ነው? የአሜሪካ ቤተሰብና የትርጉሙ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1790 የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያውን የሕዝብ ቆጠራ ሲያካሂድ፣ ቆጣሪዎቹ በየደጁ እየደረሱ በስም የመዘገቡት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አባወራውን፣ ቤቱን የምትመራው ባል የሞተባት ሴት ከሆነች ደግሞ እማወራዋን። የቀረው የቤቱ ሰው በአምስት ዓምዶች ተከፍሎ በቁጥር ብቻ ሰፈረ፦ 16 ዓመት የሞላቸው ነፃ ነጭ ወንዶች፣ ከ16 በታች የሆኑ ነፃ ነጭ ወንዶች፣ ነፃ ነጭ ሴቶች፣ ሌሎች ነፃ ሰዎች፣ ባሮች። ሚስት፣ ልጅ፣ አሮጊት እናት፣ ቅጥር ሠራተኛ፣ በባርነት የተያዘ ሰው፣ ሁሉም በአንድ ሰው ስም ሥር ተደመሩ። በ2020 (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተሠራጨው ቅጽ ግን የእያንዳንዱን ነዋሪ ስም ይጠይቃል፤ ዝምድናውን ለማመልከትም ከአሥር በላይ አማራጮች ያቀርባል። የአብራክ ልጅ፣ የጉዲፈቻ ልጅ፣ የእንጀራ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ አማት፣ ተቃራኒ ወይም ተመሳሳይ ፆታ ያለው የትዳር ጓደኛ፣ ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ አጋሮች፣ ሁሉም የየራሳቸው ሳጥን አላቸው። በእነዚህ ሁለት ወረቀቶች መካከል ያለውን የ230 ዓመት ርቀት ያየ ብዙ ሰው፣ አሜሪካ የነበራትን ጽኑ ቤተሰብ አፍርሳ ባዶ እጇን ቀረች ይላል። ታሪኩ ሲመረመር የሚታየው ሌላ ነው። በዚያ አገር አንድ ጥንታዊ የቤተሰብ ቅርጽ ኖሮ አያውቅም። የቤተሰብን ድንበር በየዘመኑ ያሰመረው የሚያከፋፍለው ወይም የሚሰበስበው ነገር ያለው ወገን ነው፤ ሰዎች ደግሞ ሁልጊዜም ከመስመሩ አልፈው ኖረዋል።

በ17ኛው መቶ ዘመን በኒው ኢንግላንድ ሰፋሪዎች ዘንድ ቤት ማለት የመኖሪያ ጣሪያ ብቻ አልነበረም። እርሻው፣ የእጅ ሥራው፣ የፊደል ትምህርቱ፣ የሕመምተኛ አስታማሚነቱ፣ ጥፋተኛን መቅጣቱ ጭምር በቤት ውስጥ ይካሄድ ነበር። ሰው ከቤተሰብ ውጭ መኖሩ እንደ አደጋ ይታይ ስለነበር፣ ኮነቲከት ገና በምሥረታዋ በ1630ዎቹ ያላገባ ወጣት ያለ ከተማው ፈቃድ ብቻውን ቤት እንዳይዝ በሕግ ከለከለች። ወላጆች ልጆቻቸውን ሙያ እንዲማሩ ወደ ሌላ ሰው ቤት ይልኩ ነበር፤ የተላከው ልጅም ለተቀበለው አባወራ ይታዘዛል፣ ከማዕዱ ይቆረሳል፣ ከቤተሰቡ ይቆጠራል። የአውሮፓ ቋንቋዎች ለቤተሰብ የሚጠቀሙበት የላቲን ቃል ራሱ ሥሩ አገልጋይ ማለት ነው። የእኛው «ቤተ ሰብ»ም ቃል በቃል ሲፈታ የቤት ሰው ነው፤ ስለ ደም የሚናገረው ነገር የለም። ስለዚህ ያን ዘመን አባት፣ እናትና ልጆች ብቻ በሰላም የኖሩበት ዘመን አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው። በ1790 በአንድ ነፃ ቤተሰብ በአማካይ 5.8 ሰው ገደማ ይኖር ነበር፤ ቤቱን የሞሉትም ብዙ ልጆችና የሥራ እጆች ነበሩ።

ከሁሉም የከፋው መስመር በባርነት በተያዙት ሰዎች ላይ የተሰመረው ነው። የ1850 ቆጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ የእያንዳንዱን ነፃ ሰው ስም ሲመዘግብ፣ ለባሮች ግን ሌላ መዝገብ ተከፈተ። በዚያ መዝገብ ላይ የባለቤቱ ስም ይጻፋል፤ ከሥሩ ዕድሜ፣ ፆታና የቆዳ ቀለም ይደረደራል፤ ስም የለም፣ ዝምድናም የለም። ጋብቻቸው በሕግ ፊት ዋጋ አልነበረውምና ባል ለአንዱ፣ ሚስት ለሌላው፣ ልጅ ለሦስተኛው ይሸጥ ነበር። ሕጉ ቤተሰብ የላቸውም ቢልም እነሱ ግን ነበራቸው። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1865 እንዳበቃ ነፃ የወጡት ሰዎች ካደረጉት ሁሉ ጎልቶ የሚታየው ዘመድ ፍለጋው ነው፤ በጥቁሮች ጋዜጦች ላይ ከዓመታት በፊት የተሸጡ እናቶችን፣ ወንድሞችንና ልጆችን የሚያፈላልጉ ማስታወቂያዎች ለአሥርት ዓመታት ወጡ። ሰሜን ካሮላይና በ1866 የቀድሞ ባሮች ጋብቻቸውን እንዲያስመዘግቡ ስታዝዝ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥንዶች ጸሐፊው ፊት ቀርበው አብረው የኖሩበትን ጊዜ አስጻፉ። ከእነሱ መካከል አሥር፣ ሃያ፣ ከዚያም በላይ ዓመት በትዳር የቆዩ ነበሩ። መዝገቡ ያን ዕለት ትዳር አልፈጠረም፤ የነበረውን አወቀ እንጂ። ሕግ ሳያያት የኖረችው ቤተሰብ ከሕጉ ይልቅ ጸንታ ተገኘች።

መንግሥት የራሱን የቤተሰብ ቅርጽ በኃይል የጫነባቸው ሌሎችም አሉ። በ1887 የወጣው የዳውስ ሕግ የነባር ሕዝቦችን የጋራ መሬት ሸንሽኖ ለእያንዳንዱ አባወራ 160 ኤከር ደለደለ፤ አያት፣ አክስትና አጎት በአንድነት ልጅ የሚያሳድጉበትን ሰፊ ዝምድና ሰብሮ በነጭ ገበሬ ቤት አምሳል ሊያቆመው አሰበ። በ1879 በካርላይል ከተማ የተከፈተውና እሱን የመሰሉት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ከወላጆቻቸው ነጥለው ስማቸውንም ቋንቋቸውንም ለወጡ። ኮንግረስ የነባር ሕዝብ ልጅ ከቤቱ ሲወሰድ ቅድሚያ ለሰፊው ዘመዱና ለጎሣው እንዲሰጥ የደነገገው በ1978 ነው። በዩታ ደግሞ ሞርሞኖች ከአንድ በላይ ሚስት ማግባታቸው በ1862 በፌዴራል ሕግ ተከለከለ፤ ቤተ ክርስቲያናቸው በ1890 ልማዱን መተዉን አስታወቀች፤ ዩታም በ1896 ክፍለ ግዛት ሆነች። አንዲት ግዛት ወደ ኅብረቱ የምትገባበት በር በቤተሰብ ቅርጽ የተወሰነበት አገር፣ ቤተሰብን ለተፈጥሮ ብቻ ትቶታል ማለት አይቻልም።

ዛሬ «ባህላዊ» ተብሎ የሚናፈቀው ቤተሰብ፣ ማለትም ደመወዝ የሚያመጣ አባት፣ ቤት የምትውል እናት፣ ሁለት ሦስት ልጆችና የራስ ግቢ፣ ሲመረመር ዕድሜው አጭር ነው። በ1850 ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል 70 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር፤ እርሻው የሽማግሌው ነውና ወራሹ ልጅ ከቤት አይወጣም። ወጣቱ ፋብሪካና ቢሮ ገብቶ የራሱን ደመወዝ ማግኘት ሲጀምር፣ በ1935 ከታወጀው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ በኋላም አዛውንቱ የራሳቸውን ጡረታ ሲቀበሉ ያ ቤት ለሁለት ተከፈለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደመወዝ አደገ፤ በ1944 የወጣው ሕግ ለተመላሽ ወታደሮች የቤት መግዣ ብድር አመቻቸ፤ ከ1947 ጀምሮ በኒውዮርክ አቅራቢያ እንደተሠራችው ሌቪታውን ያሉ ሰፈሮች በሺዎች የሚቆጠሩ አንድ ዓይነት ቤቶች አቀረቡ። በ1956 ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገቡበት መካከለኛ ዕድሜ 20 ዓመት፣ የወንዶቹም 22 ዓመት ተኩል ገደማ ነበር፤ በ1890 ግን 22ና 26 ነበር። እንግዲህ የ1950ዎቹ ሙሽሮች ከአያቶቻቸው ቀድመው አገቡ። ያ ዘመን የረጅም ልማድ ፍጻሜ አልነበረም፤ መንግሥት በብድር፣ ኢንዱስትሪ በደመወዝ የደገፈው ልዩ ወቅት ነበር። በሩም ለሁሉ አልተከፈተም፤ የሌቪታውን የመጀመሪያዎቹ ውሎች ከነጭ በቀር ሌላ ሰው እንዳይኖርባት የሚከለክል አንቀጽ ነበራቸው።

ያ ወቅት ሲያልፍ ለውጡ ፈጣን ሆነ። የእርግዝና መከላከያ ኪኒን በ1960 ተፈቀደ፤ ያገቡ ሴቶች በብዛት ወደ ሥራ ወጡ፤ ካሊፎርኒያ ከ1970 ጀምሮ ጥፋተኛ ሳይፈለግ መፋታትን ፈቀደች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1967 በተለያየ ዘር ሰዎች መካከል ጋብቻን የሚከለክሉ ሕጎችን ሻረ፤ በ2015 ደግሞ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ በመላ አገሪቱ እንዲታወቅ ወሰነ። የቆጠራው ቅጽም ተከተለ። ባል በቤቱ ካለ ያለ ጥያቄ አባወራ ተደርጎ የሚመዘገብበት ደንብ በ1980 ቀረ፤ ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ በ1990 የራሳቸውን ሳጥን አገኙ። ቆጠራ መሥሪያ ቤቱ ግን ቤተሰብን አሁንም በአንድ ቤት የሚኖሩ፣ በልደት፣ በጋብቻ ወይም በጉዲፈቻ የተዛመዱ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ብሎ ይተረጉመዋል። ሳይጋቡ ዓመታት አብረው የኖሩ ሁለት ሰዎች እንግዲህ በአንድ ቅጽ ላይ ይታያሉ፣ በትርጉሙ ግን ቤተሰብ አይባሉም።

ትርጉም ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ በአንዲት አያት ጉዳይ ላይ በግልጽ ይታያል። ኢኔዝ ሙር በኦሃዮ በኢስት ክሊቭላንድ ከተማ ከልጇና ከሁለት የልጅ ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ከልጅ ልጆቿ አንዱ ጆን ነው፤ ገና ሕፃን ሳለ እናቱ ስለሞተች ወደ አያቱ ቤት መጣ። የከተማው የቤት ደንብ አንዲት አያት የአንድ ልጇን ልጆች ብታኖር ይፈቅዳል፤ ከሁለት ልጆቿ የተወለዱትን በአንድ ቤት ብታኖር ግን ይከለክላል። ሁለቱ ልጆች ወንድማማች ሳይሆኑ የአጎት ልጆች በመሆናቸው፣ ከተማው ጆንን «ሕገ ወጥ ነዋሪ» አለው። አያቱም አላስወጣም በማለቷ ተከስሳ የአምስት ቀን እስራትና የ25 ዶላር ቅጣት ተፈረደባት። በ1977 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ ፍርዱን ሻረ። ዋናውን አስተያየት የጻፉት ዳኛ ሉዊስ ፓወል፣ አያቶች፣ አክስቶችና አጎቶች ከወላጅና ከልጅ ጋር ቤት መጋራታቸው ሥር የሰደደ የአገሪቱ ልማድ መሆኑን አስረዱ። እናት የሌለውን ልጅ ማሳደግ ወንጀል የሆነው ደንቡን የጻፉት ሰዎች ቤተሰብን በራሳቸው ቤት ልክ ስለለኩት ነው።

ይህ መለኪያ ኢትዮጵያውያንንም ነክቷል። በ1965 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ቤተሰብ ማገናኘትን ዋና መግቢያ ቢያደርግም፣ ዜጋ የሆነ ሰው ማመልከት የሚችለው ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለወላጅና ለወንድም ወይም ለእህት ነው። አያት፣ አክስት፣ የወንድም ልጅ በራሳቸው ስም የሚገቡበት ሳጥን የለም። በ2008 ደግሞ መንግሥት ለስደተኞች ቤተሰብ ማገናኛ ፕሮግራም በናይሮቢ የዘረመል ምርመራ ጀመረ፤ ከተመረመሩት መካከል ሶማሊያውያንና ኢትዮጵያውያን ይበዙ ነበር። ምርመራው ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ ሌሎች አገሮች ሲሰፋ፣ የተናገሩት ዝምድና በሙሉ የተረጋገጠው ከ20 በመቶ ባነሱ ቤተሰቦች ብቻ ነበር፤ ቀሪዎቹ ቢያንስ አንድ ያልተጣጣመ ውጤት የተገኘባቸው ወይም ለመመርመር ፈቃደኛ ያልሆኑ ነበሩ። ፕሮግራሙ ቆሞ በ2012 ከምርመራ ግዴታ ጋር ተከፈተ። ማጭበርበር እንደነበረ መካድ አይገባም። ሆኖም የሟች ወንድሙን ልጅ ከጨቅላነቱ አንሥቶ ያሳደገ ሰው «ልጄ ነው» ሲል አልዋሸም፤ የጡት ልጅና የማደጎ ልጅ በሚታወቅበት አገር ቃሉ እውነት ነው። የዘረመል ምርመራ ያንን እውነት ከሐሰተኛው ለይቶ ማየት አይችልም።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፦ ለውጡ የቃል ብቻ አይደለም፣ ልጆች ተጎድተዋል የሚል። ተቃውሞው መሠረት አለው። በ1960 ከጋብቻ ውጭ የሚወለዱ ልጆች 5 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ዛሬ 40 በመቶ ያህል ናቸው። አንድ ወላጅ ብቻ ባለበት ቤት የሚያድጉ ልጆች ለድህነት ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ሁለት ሰው የሚሸከመውን አንድ ሰው ሲሸከመው መክበዱ ማስረጃ አያሻውም። ነገር ግን ከዚህ የሚከተለው መፍትሔ ምንድን ነው? ያን ቤት ቤተሰብ አይደለም ማለት የእናቲቱን ደመወዝ አያሳድግም፣ ልጁንም አያበላም። ጋብቻ አብዝቶ የሳሳው የፋብሪካ ሥራ በጠፋባቸውና ደመወዝ በወደቀባቸው ሰዎች ዘንድ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት አሁንም ይበልጥ ያገባሉ፣ ትዳራቸውም ይበልጥ ይቆያል። የ1950ዎቹ ትዳር በደመወዝና በብድር ከቆመ፣ የዛሬውም ሲናጋ ምሰሶውን መመርመር ይገባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ሁሉም ነገር ቤተሰብ ከተባለ ቃሉ ትርጉም ያጣል ይላል። ይህም እውነት የሚሆነው መለኪያው ከጠፋ ብቻ ነው። የኒውዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1989 ከአሥር ዓመት በላይ አብሮት የኖረው አጋሩ የሞተበትን ሰው ሟቹ ተከራይቶት ከነበረው ቤት ማስወጣት ይቻል እንደሆነ፣ ማለትም የሟቹ ቤተሰብ ይባል እንደሆነ ሲመረምር፣ በሩን ለሁሉ አልከፈተም። ግንኙነቱ ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ ገንዘባቸውን እንዴት እንደያዙ፣ ለዕለት ኑሯቸው ምን ያህል እንደተደጋገፉ መታየት አለበት አለ። ይህ መለኪያ ከደምና ከወረቀት ይከብዳል እንጂ አይቀልም፤ አብሮ ያልተሸከመ ሰው አያልፈውም። ደሙ አንድ ሆኖ ልጁን የጣለ ሰው በቅጹ ላይ አባት ነው፤ በዚህ ሚዛን ግን ይቀላል።

ቤተሰብ ከማኅበረሰብ ሁሉ የሚቀድም ነገር ነውና ትርጉሙ ሊያሳስበን ይገባል፤ የሚያሳስበን ግን በረሃብ፣ በሕመምና በሐዘን ቀን አንዱ ለሌላው የቆመበትን ቤት ሕጉ ያውቀው እንደሆነ ነው። ቀጣዩ የአሜሪካ ቆጠራ በ2030 ይካሄዳል። በዚያ አገር የምትኖሩ አንባቢዎች፣ ቅጹ ሲደርሳችሁ በጣሪያችሁ ሥር የሚኖረውን ሰው ሁሉ በስሙ ጻፉት፤ አያቲቱን፣ የእህት ልጅን፣ ቤት እስኪያገኝ የተጠጋችሁን የአገር ልጅም። በ1790 በቁጥር ብቻ ያለፉትን ሰዎች ስም ያ መዝገብ ዛሬ አይነግረንም።