በላይ ዘለቀና የሸፈርታክ ጥያቄ

አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ የጦር ትምህርት ቤት አልገባም፤ ያስተማረው የዓባይ በረሃ ነው። ገደሉንና መሻገሪያውን ስለሚያውቅ የቢቸናን ገጠር ጣሊያን ከእጁ ሊያስወጣው አልቻለም።

ዛሬም የሚያከራክረው ሸፈርታክ ነው። በ1933 ዓ.ም. የኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር ደብረ ማርቆስን ለቆ፣ ሉማሜን አልፎ ወደ ደጀን በሚወስደው አቅጣጫ ሸሸ። ዓባይን ሲሻገር በላይ አልመታውም። እንግሊዞቹ «ራስ ኃይሉ ልጃቸውን ሊድሩለት ቃል ገብተው አባበሉት» ብለው ጻፉ። ይሁን እንበል! ያው ጦር በግንቦት አጊባር ላይ እጁን ሰጠ። ታዲያ ለአንድ መሻገሪያ የአምስት ዓመት ተጋድሎ ይሰረዛል?

በላይ በጥር 1937 ዓ.ም. የተሰቀለው በሸፈርታክ ምክንያት አልነበረም። በንጉሡ ላይ ሸፍተሃል ተብሎ ተፈርዶበት፣ ከእስር አምልጦ ከተያዘ በኋላ ነው። ለጣሊያን ያደሩት ራስ ኃይሉ ግን አልተሰቀሉም።