ሌሊቱ የማን ነው? ካዛንቺስ፣ ሰዓት እላፊና የዲጄው ሙያ

የዘመናዊት ኢትዮጵያን ታሪክ ስንጽፍ ቀኑን እንጂ ሌሊቱን አንጽፍም። ሌሊቱን የምናነሣው አፈሳ ወይም ግድያ ሲኖርበት ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት እንጀራው በሌሊት ላይ የቆመው ባለሙያ፣ አዝማሪም ይሁን የባንድ ተጫዋች ወይም የዛሬው ዲጄ፣ በታሪካችን ውስጥ ቦታ አላገኘም። እኔ በበኩሌ የአንድ መንግሥት ጠባይ በግልጽ ከሚታይባቸው ነገሮች አንዱ፣ ከመሸ በኋላ ለዜጋው የሚተውለት ክፍት በር ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህም ካዛንቺስ ጥሩ ምስክር ነው።

የሰፈሩ ስም ራሱ ከመንግሥት ቢሮ የወጣ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ያሠራ የነበረው ተቋም ስም በምሕጻር «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ወራሪው ሄደ፣ ስሙ ግን በሕዝብ አንደበት ለዝቦ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሒልተን ሆቴል በሰፈሩ ዳርቻ ተከፈተ። በዚያው ዓመት አምሐ እሸቴ የሸክላ ኅትመትን የመንግሥት ሞኖፖል ጥሶ የግል አሳታሚ ድርጅቱን አቋቋመ። ሌሊቱ ከክብር ዘበኛና ከፖሊስ ኦርኬስትራዎች እጅ እየወጣ ወደ ግል ባንዶች ይሸጋገር ጀመር።

ከዚያ ደርግና ሰዓት እላፊ መጡ። ዋሊያስ ባንድ በሒልተን ሲጫወት የገባ ሰው ሰዓት እላፊው እስኪያበቃ ሊወጣ አይችልም ነበርና፣ ተጫዋቹም ታዳሚውም አብረው ያነጉ ነበር። ሌላው ዓለም አዳር ጭፈራን የነጻነት ምልክት አድርጎ ሲቆጥረው እኛ ዘንድ የወታደር ትእዛዝ ውጤት ነበር። ያም ቢሆን የሆቴሉን ሒሳብ መክፈል ለሚችል ጥቂት ሰው ብቻ። የቀረው የከተማ ሕዝብ በሩን ዘግቶ ይተኛል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋሊያስ ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ከአባላቱ ከፊሉ እዚያው ቀሩ፤ ኃይሉ መርጊያ አንዱ ነበር። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። «ማሽን ባንድን ገደለው» የሚሉ ወገኖች ይህን ታሪክ ልብ ሊሉት ይገባል። ኃይሉ ብቻውን ወደ ማሽኑ የዞረው ባንዱ ከተበተነ በኋላ ነው። ከዚያም ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ፤ ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ነው ዓለም ወደ መድረክ የመለሰው።

ለመሆኑ ዲጄ የሚባለው ባለሙያ ከየት መጣ? ሃውስ ስሙን ያገኘው ፍራንኪ ናክልስ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ሙዚቃ ካጫወተበት የቺካጎ «ዌርሃውስ» ክበብ ነው። ቴክኖ የዲትሮይት ጥቁር ወጣቶች ሥራ ነው። ሁለቱም የተወለዱት ሀብታም ትቷቸው በሄደ ከተሞች ውስጥ፣ በርካሽ ኪራይ በተገኘ ክፍል ነው። የበርሊን ግንብ ሲፈርስም ወጣቶቹ ባዶ ሕንጻዎችን ያዙ፤ ዝነኛው «ትሬዞር» እ.ኤ.አ. በ1991 የተከፈተው በአንድ የፈረሰ ትልቅ መደብር የገንዘብ ማስቀመጫ ምድር ቤት ውስጥ ነበር።

ያ ዓመት ለእኛም 1983 ዓ.ም. ነው። ደርግ ወደቀ፤ ሰዓት እላፊውም ተከትሎት ሄደ፤ በካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ደሩ። በጠባቧ ክፍል ውስጥ ማሲንቆው ታዳሚውን እያየ ግጥሙን ይለዋውጣል። ዲጄው በሸክላ የሚሠራውን አዝማሪው በቃል ይሠራዋል፤ ሁለቱም የሚኖሩት ፊታቸው ያለውን ሰው በማንበብ ነው። የበርሊኑና የካዛንቺሱ ክፍል በዕድሜ እኩያ፣ በግብርም ወንድማማች ናቸው ብል አላጋነንኩም።

ከዚህ ድምፅ የሚቀዳ አዲስ ትውልድም መጣ። ሚካኤል ሰይፉ በኒው ጀርሲ ሙዚቃ ተምሮ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ ከእንደገና ሙሉ ጋር ሥራቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው ሰየሙት። ነገር ግን የሚካኤልን «ያራዳ ልጅ» እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመው የዋሽንግተኑ «1432 አር» ነው፤ «ዘላለም»ን በ2016 ያወጣው ደግሞ የኒው ዮርክ ድርጅት ነው። በዲጄነት የታወቀው ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ የአገር ውስጥ አድማጭ እንደማይጠፋ ታየ። አድማጩ ካለ የጎደለው ምንድን ነው? ክፍሉ ነው። «ዲጄ ኮምፒዩተሩን ይዞ የትም ይሠራል» የሚለው መልስ አያረካኝም። ሙዚቃ በመኝታ ቤት ሊቀናበር ይችላል፤ ሰውን ማስጨፈር ግን የሚለመደው ሰው በተሰበሰበበት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፖለቲካው ልምጣ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ጀርመን የበርሊንን የቴክኖ ባህል በብሔራዊ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገባች። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ፈረሰ፤ መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤትነት አንሥቶ የባህል ማዕከል ያደረገው ፈንድቃም ከቦታው ተነሣ። የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ሁሉ ለኑሮ ምቹ ነበሩ የሚል ሙግት የለኝም፤ ጣሪያው ሲያፈስ፣ መጸዳጃው ለአሥር አባወራ ሲሆን አይተናል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የመንገዱን ስፋት በሜትር ያሰላው ፕላን የሌሊቱን ክፍል በምን ቆጠረው? አዝማሪ ቤት የሚኖረው ኪራዩ ርካሽ፣ ጎረቤቱ ለማዳ፣ ደንበኛው በእግሩ የሚመጣ ሲሆን ነው። በመስታወት ሕንጻ ሥር ያን ኪራይ የሚችል አዝማሪ የለም፤ ጀማሪ ዲጄም የለም።

ደርግ ሌሊቱን በሰዓት እላፊ ዘጋው፤ የዛሬው ዘመን በካሬ ሜትር ዋጋ ሊዘጋው ይችላል። የመጀመሪያው በአንድ ቀን አዋጅ ሊነሣ ቻለ። ሁለተኛውን የሚያነሣ አዋጅ ግን አላውቅም፤ ስለዚህ መነጋገር ያለብን የአዲሱ ካዛንቺስ ክፍሎች ሳይከፋፈሉ ነው። ከተማ አስተዳደሩ ለባንክና ለሆቴል መሬት እንደሚመድብ ሁሉ፣ ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸው ጥቂት የሌሊት ክፍሎችን በፕላኑ ላይ ቢያሰፍር የሚጎዳ ማንም የለም። ካልሆነ ቀጣዩን ሚካኤልንም ሆነ ቀጣዩን ኃይሉን የምንሰማው ከዋሽንግተን በሚመጣ ሸክላ ይሆናል።